አናጢው ለራሱ ቤት አናጢ ሲፈልግ

አንድ አናጢ ነበረ። መምህሩ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ «የኔታ፣ ቤቴ ያፈሳል፤ ጣሪያ የሚያድስ የታመነ ሰው በምን ይታወቃል?» ብሎ ለጠየቃቸው ቅቤ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ቆሞ ሰምቶ ሊሄድ ነበር፤ እሳቸው ግን «ተቀመጥ» አሉት።

አናጢው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ነው የኖረው። እጁ ወርቅ ነበር፤ ምላሱ ግን ሌላ። ባለጸጋ ሲጠራው ይወጣና ደህናውን ጣሪያ መታ መታ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመውን ወራጅ ምስጥ ጨርሶታል፤ ሁሉም ይውረድ» ይላል። ሥራ ይበዛለታላ! ድሃ ሲጠራው ደግሞ በእውነት የበሰበሰውን አይቶ፣ «ይኼማ ለልጅ ልጅዎ ይተርፋል» ይልና የምስማሩን ቀዳዳ በሬንጅ ደፍኖ ይወርዳል። ከድሃ ምን ይገኛል ብሎ ነው። ባለጸጋውም ድሃውም መርቀው ይሸኙት ነበር።

ዘመን አለፈ። አናጢው አረጀ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ መሰላል መውጣት እርም ሆነበት። ሚስቱ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ እያገላበጠ የሚያስታምማት እሱ ነው። በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረውም። ሰኔ ሲገባ ውሃው በራስጌዋ ይንጠባጠብ ጀመር። አልጋውን ቢያዞረው በግርጌዋም አፈሰሰ። «አንተ፣ ሰው ጥራ እንጂ» አለችው።

ጠራ። የመጀመሪያው አናጢ ወጣ፣ ወረደ፣ «አይስጉ አባባ፣ ምንም የለበትም፤ ትንሽ ሬንጅ ይበቃዋል» አለ። ሽማግሌው ሳቀ። ይህን ቃል ያውቀዋል፤ የገዛ ቃሉ ነው። «ሂድ ወዲያ!» ብሎ አባረረው።

ሌላው መጣ። ይኼኛው ጣሪያው ላይ ብዙ ቆየ፤ ሲወርድ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «አባቴ፣ ችግሩ ቆርቆሮው አይደለም። ወራጁን ምስጥ ጨርሶታል፤ ሁሉም መውረድ አለበት። እስከዚያው እናታችንን ጎረቤት ያስጠጓቸው፤ እኔ እሸከማቸዋለሁ» አለ።

ሽማግሌው ይህንንም ቃል አወቀው። ይህም የገዛ ቃሉ ነው። ሰውዬው እንዳልታመነ ሲያይ፣ ከጣሪያው ያወረደውን ቁራጭ እንጨት አውጥቶ በመዳፉ ላይ ፈረከሰው፤ ዱቄት ሆነ። ምን ያደርጋል! አናጢው በጉብዝናው ዘመን እንዲህ ያለውን ምስጥ የበላው ቁራጭ በመሣሪያ ከረጢቱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ለባለጸጎች «ከጣሪያዎ የወጣ ነው» እያለ ያሳያቸዋል። «እኔን ነው? ይህን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ!» አለው።

ሚስቱ ከአልጋዋ ሆና፣ «ኧረ በእመቤቴ! ሰውዬው እውነቱን ነው፤ እስቲ ዓይኑን እየው» አለች።

«እኔ ሰው ሳሞኝ ዓይኔ ያስታውቅ ነበር?» አላት።

ሰውዬው ለመነው። «እሺ፣ እኔ ልቅር፤ የወደዱትን ሰው ያሠሩ። ብቻ እሳቸውን ዛሬውኑ ከዚህ ያውጧቸው» አለው። ይህን ቃል አናጢው በዕድሜው ተናግሮት አያውቅም። ሊያስተውል ይገባው ነበር። አላስተዋለም፤ በሩን ዘጋበት።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አናጢው በዚያች ሰዓት የታመነ አናጢ ፍለጋ ወጥቶ ከሰው ደጅ ተጠልሎ ነበር። ሲመለስ ጣሪያው አልጋው ላይ ወርዷል። ጎረቤቶች ሚስቱን አውጥተው ነጠላ አልብሰዋታል።

ለቅሶ ደራሾች ከበቡት። «አልተሠቃየችም፤ ሳታውቀው ነው ያረፈችው» አሉት፤ ከፍርስራሹ ያወጣት ጎረቤትም ማለለት። አናጢው ሁሉንም በየተራ አያቸው። እሱ ቢሆን፣ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ለሐዘንተኛ የሚለው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ አላመናቸውም። ሴትየዋ በእርግጥም ሳትሠቃይ ነው የሞተችው። እሱ ግን ይህችን አንዲት መጽናኛ እንኳ መቀበል አቃተው፤ ስሙን እየጠራች ስትጮህ እየታሰበው እስኪሞት ድረስ ኖረ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ቅቤ ነጋዴው ዞሩ።

«ልጄ፣ የታመነ ሰው በምን ይታወቃል አልከኝ። ምልክቱን መንገር አያቅተኝም፤ ቀደም ብሎ የሠራበትን ቤት ዝናብ ሲጥል ገብተህ እይ፣ እሱን የማይጠቅመውን ምክር ሲመክርህ ስማው እልሃለሁ። ግን ምን ይረባሃል? ያ አናጢም የታመነ ሰው አላጣም፤ ደጁ ድረስ መጥቶለት ነበር። ያጣው የሚያምንበትን ልብ ነው፤ እሱንም በየሰው ጣሪያ ላይ በገዛ ምላሱ ሲጨርሰው ኖረ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? አንተም ያው እንደ አናጢው ነህ። ቅዳሜ ገበያ መካከል ሞራ የቀላቀልክበትን ቅቤ ይዘህ፣ ‹ንጹሕ ነው፤ ልጆቼን ይንሳኝ› ብለህ ስትምል ሰምቼሃለሁ። ጣሪያህን የሚያይልህ ሰው አይጠፋም። እኔ የምፈራልህ እውነቱን የነገረህ ዕለት ነው።»