ከልጇ ጋር የሚበሉት

እህቶቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የተቀበረ ዕለት አማቷ እማማ ኤርጎጌ በለቀስተኛው ፊት አንድ ቃል ተናገሩባት። «ልጄን ቅቤ ነፍጋ ገደለችው» አሉ። ሴቲቱ ያንን ቃል ዓመት ከዓመት ይዛው ዞረች። ገበያ ስትወርድ ይዛው ወረደች። ጸሎት ስትገባም ይዛው ገባች። እናንተስ እንዲህ ያለ ቃል የለባችሁም? አለባችሁ።

ባልየው በምን እንደሞተ የሚያውቅ አልነበረም። ጠጉሩ ገና አልሸበተም። አጥር እያጠረ ሳለ ሚስማር አምጪልኝ አላት። ይዛ ስትመለስ መዶሻውን እንደ ጨበጠ ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የሚያርፍ መሰላት። ቁጭ ብላ ብዙ አወራችው።

ከዚያ ወዲያ ምን አደረገች? ልጇን ዳንሳሞን በቅቤ አሳደገችው። የእኛን የሐዲያ ሴቶች ዊጆ ታውቁታላችሁ፤ በየሳምንቱ ቅቤ እናዋጣና ለባለ ተራዋ እንሰጣለን። የእሷ ተራ ሲደርስ ማሰሮው ሙሉ ለዳንሳሞ ነበር። ሥጋውም ለእሱ፣ እንቁላሉም ለእሱ። ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ አታካና ስትሠራለት ቡላው በቅቤ ይዋኝ ነበር። ልጁም ወጣለት፤ ትከሻው በር ይሞላል። እማማ ኤርጎጌ ይህን ሁሉ አዩ። ቃላቸውን ግን አልሻሩም።

አንድ ጊዜ ከተማችን ሐኪሞች መጡ። የፈለጉት በሽተኛ አልነበረም፤ ለጥናት ጤነኛ ወጣት ነበር የፈለጉት። ጤነኛ የሚፈልግ ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳንሳሞ ሳቀ፤ ጤነኛ ከፈለጉማ እኔን ይዩኝ ብሎ ሄደ። ደም ሰጠ። ሰገራህንም በዚህች ዕቃ አምጣ አሉት። ጎረቤቷ ይኼ መተት ነው፣ የሰው ቆሻሻ ለደግ ነገር አይፈለግም አለቻት። እናትየዋ ልቧ አላርፍ ሲላት ለምርመራው ሲጠሩት ተከትላው ሄደች።

መጋረጃ በተጋረደ ክፍል አስተኙት። ሐኪሟ አንገቱን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ መሣሪያ አስጠጋችበት። ያኔ ድምፅ መጣ። ሹ… ሹ… ሹ…። ሰው በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ ቀስ ብሎ ሲራመድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። እናትየዋ ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። የሚራመደው በልጇ አንገት ውስጥ ነው።

ሐኪሟ መሣሪያውን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግማ መለሰችው። ከዚያም የደም ሥሩ ግድግዳ ከውስጥ መወፈር ጀምሯል አለች።

ዳንሳሞ፣ ምንም አያመኝም እኮ አላት።

«አያምህም» አለችው። «አይናገርም። አንዳንዱን ሰው መጀመሪያ የሚያናግረው በሚወስደው ቀን ነው።»

እናትየዋ መዶሻ የጨበጠው እጅ ታያት።

የሰገራው ውጤት ሲደርስ ሐኪሟ ሁለቱንም ጠራቻቸውና ሴቲቱን ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ እንሰቱን ፍቀው ጉድጓድ ሲቀብሩት ውስጥ ሆኖ የሚያቦካው ማነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እርሾውን እጨምራለሁ፣ በቅጠል ሸፍኜ ድንጋይ እጭናለሁ። እሱ ይሠራል።»

«እሱ ማነው?»

ሴቲቱ ዕድሜ ልኳን እጇን እዚያ ጉድጓድ ትከታለች። መሃሉ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ። ማን እንደሚያሞቀው ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ሐኪሟ አስረዳቻት። በሆዳችንም ዓይን የማያያቸው ሕያዋን አሉ፤ ከእኛ ጋር ይበላሉ። ከሥጋውና ከእንቁላሉ የደም ሥር የሚጎዳ ነገር የሚሠሩ አሉ። ቅቤው ለራሱ ይጎዳል፣ እነዚህ ይጨምሩበታል። ጎመን፣ ባቄላና ገብስ የሚወዱት ደጎቹ ናቸው። ያበላችሁት ይበዛል፣ ያስራባችሁት ይመነምናል። በዳንሳሞ ሆድ ደጎቹ አንሰዋል። ገና እያጠናን ነው፣ ሁሉን አናውቅም አለች። ስለ ባሏ ስትጠይቃትም፣ ሳላየው እንዴት ልናገር አለቻት። የልጁ ግን ገና ጅምር ነው፤ መድኃኒቱን ከወሰደ፣ ማዕዱም ከተለወጠ ሊገታ ይችላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇ ሲበላ ማየት አቃታት። ጉሮሮው በዋጠ ቁጥር ከታች ሆነው የሚቀበሉት ይታዩአታል። ሲስቅም አብረው የሚስቁ ይመስላታል።

አሁን ምን ታድርግ? ቅቤውን ብትከለክለው አገሩ ምን ይላል? አባቱን ነፈገች፣ ልጁንም ነፈገች። ብትሰጠው ስሟ ይጸዳል። ልጇስ?

እህቶቼ፣ ይቺ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ማንን ስታበላ ኖረች? ልጇን የምታበላ ይመስላት ነበር። ያንን የለቅሶ ቀን ቃል ነበር የምታበላው። ቂምም እንደዚያው ነው፤ አያምም። እየዘመርን፣ እየጾምን፣ እየሳቅን ከውስጥ ግድግዳችን ይወፍራል። ጤነኛ ነኝ ትላላችሁ። ማን አያችሁ? ጆሮ ቢጣልባችሁ ማን ሲራመድ ይሰማ ይሆን?

ያሆዴ ደረሰ። ዘመድ ተሰበሰበ፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። በዳንሳሞ ፊት ደረቅ ቆጮ፣ ጎመንና ባቄላ ቀረበ። 

እማማ ኤርጎጌ ሳህኑን አዩት። «አባቱን ቀበርሽው» አሏት። «ይኼኛውንስ መቼ ነው?»

ሴቲቱ ተነሥታ የዊጆውን ማሰሮ አመጣች። አፍራ ልትጨምርለት ነው ብለን ነበር። ልጇን አልፋው ሄደች። ከአሮጊቷ ኋላ ቆመች፣ ሻሻቸውን ፈታች፣ ቅቤውን በእጇ ዘግና ሽበታቸው ላይ አደረገች፤ አንዲት ምራት የምታከብራትን አማት እንደምትቀባ። አሮጊቷ አልተነቃነቁም። ቅቤው በጆሯቸው ሥር ወረደ።

«እማማ» አለቻቸው፣ «ልጅዎን አልነፈግኩትም። ይኼኛውን ግን እነፍገዋለሁ።»

እህቶቼ፣ እናንተም ቤታችሁ ግቡና የሚነፈገውን ንፈጉት።