ከአንበሳው በፊት የጮኸው አህያ

አንድ ጊዜ ዳልቻ የምትባል የአህያ ውርንጭላ በደራሽ ጎርፍ ተወሰደች።

በዚያ ቀን በሸለቆው ውስጥ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደም። ዝናቡ የጣለው ራቅ ብሎ በደጋው ነበር። እመት ጦጢት ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆና ውሃው አፈርና ግንድ እየገፋ ሲወርድ አየች። አየች እንጂ አልጮኸችም። በአንበሳው አገር ንጉሡ ሳያገሣ አደጋ መጣ ብሎ መጮህ ክልክል ነበር።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። ቀደም ሲል አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ «ጎርፍ መጣ!» ብሎ ጮኾ፣ አራዊቱ ሁሉ ያላቸውን ጥለው ሲሸሹ እሱ ነብር የጣለውን ሥጋ ጠርጎ በልቶ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ያየ ለቀበሮ ይነግራል፣ ቀበሮ ለአንበሳ ያቀርባል፣ አንበሳም ነገሩን አይቶ ያገሣል ተባለ።

ጦጢት እንደ ሕጉ ለቀበሮ ነገረች። ቀበሮም ወደ ዋሻው ሮጠ። አንበሳው ተኝቷል። ቀበሮ ብልህ ነውና የተኛ አንበሳ አይቀሰቅስም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አንበሳው ነቅቶ ሲያገሣ ዳልቻ ከወንዙ መካከል ነበረች። አባቷ አህያው ውሃው ደረቱን እስኪነካው ድረስ ገባ። አልደረሰባትም።

ውሃው ከጎደለ በኋላ አንበሳ ጉባኤ ጠራ። አህያው ጭቃው ከእግሩ ሳይለቅ መጥቶ ከኋላ ቆመ።

«በልጅህ አዝነናል» አለው አንበሳ። «ምን ይደረግልህ?»

«ለእኔ የሚደረግ የለም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ አህያው። «ክረምቱ ግን ገና አላለቀም። ያየ ይጩህ። ጦጢት ከላይ ትጩህ፣ እኔ ከታች ልቀበላት። የእኔ ድምፅ ሸለቆውን ያዳርሳል።»

«ማዳረሱንስ ያዳርሳል» አለ ቀበሮ። «እንቅልፍ ያጣነው በማን ሆነና።»

አንዳንዶች ሳቁ።

«ደግሞስ» ቀጠለ ቀበሮ፣ «ዛሬ ለአህያ ከተፈቀደ ነገ አያ ጅቦ ይጮኻል። የያዝነውን እየጣልን ስንሮጥ ልንውል ነው።»

«እኔን ለምን ታነሣለህ?» አለ ጅብ። «ያን ጊዜ የእውነት ደመና አይቼ ነበር።»

«ምን ዓይነት ደመና?» አለ ነብር።

«እንደ ጭን ያለ። ከነቅልጥሙ።»

ነብር ጥርሱን አሳየው። ጅብ ከጎሽ ኋላ ሄዶ ቆመ።

«በከንቱ ብንወጣ እግራችን ይደክማል» አለ አህያው። «ሳንወጣ ብንቀር ደግሞ…»

ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

«ቀበሮ አልቀሰቀሰኝም» አለ አንበሳው። «የሚቀሰቅሰኝን የምሰባብር ግን እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጦጢት ከጮኸችና አህያ ካናፋ ሁሉም ወደ ቀዩ ኮረብታ ይውጣ። እኔንም አትጠብቁ።»

«ኮረብታው ላይስ?» አለች ድኩላ። «ግልገሌን ይዤ ከነብር ጎን ልቆም ነው? ውሃው ቶሎ ባይጎድልና ቢርበውስ?»

ነብር ይህን ሲሰማ ቅር አላለውም። «እውነቷን ነው» አለ። «ሲርበኝ ለራሴም አላምር።»

ስለዚህ ገና ፀሐይ ሳለ ኮረብታው ላይ ስንቅ እንዲከማች ተስማሙ፤ ለሣር በላው ድርቆሽ፣ ለሥጋ በላው ቋንጣ። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል ጅብ ከጎሽ ኋላ ብቅ አለ።

«ቋንጣውን ለእኔ ተዉት። ሌሊት እንደማልተኛ ታውቃላችሁ።»

«አያ ጅቦን ለቋንጣ መስጠት ክብሩን መንካት ነው» አለች ጦጢት። «ቋንጣውን ጎሽ ይጠብቅ። አያ ጅቦ የድርቆሹ ሹም ይሁን።»

«ድርቆሹ ይበዛል?»

«ተራራ ያህላል።»

«እንግዲያው ከጎሽ በላይ ነኝ» አለና ጅብ ደስ ብሎት ተቀመጠ። ጎሽ ሥጋ አይበላም፤ ጅብም ሣር አይበላም። ስንቁ ሳይነካ ቆየ።

ብዙም ሳይቆይ ጦጢት ጮኸች። አህያው ወዲያው አናፋ። አራዊቱ ልጆቻቸውን እያስቀደሙ፣ እየተጋፉ ወደ ቀዩ ኮረብታ ወጡ። ቆመው ወንዙን ተመለከቱ። ውሃው ትንሽ ደፈረሰ፤ ጥቂት ጭራሮ ይዞ አለፈ። የደጋው ጎርፍ ከላይ ረግረጉ ላይ ተኝቶ ቀርቷል።

ሲወርዱ ቀበሮ ከአህያው ጎን ጎን ሄደ። «አይዞህ» አለው። «ኀዘን ነው። ልጁ የሞተበት ጭራሮም ጎርፍ ይመስለዋል።»

ከኋላቸው የነበሩት ሰሙ። ድኩላም ሰማች። «ግልገሌ እግሩን ወለም ብሎታል» አለች፣ ወደ ማንም ሳትዞር። «ሌላ ጊዜ ውሃውን በዓይኔ ሳላይ አልነቃነቅም።»

አህያው የጦጢትን ጩኸት ወደሚጠብቅበት ወደ ወንዙ መሻገሪያ ተመለሰ። ሣር ቢቀርብለትም ቀና እያለ ወደ ገደሉ ያያል እንጂ ደህና አድርጎ አይበላም ነበር። ሁለተኛ ቢያናፋና ውሃው ባይመጣ ሦስተኛ የሚሰማው እንደማይኖር ያውቃል። ባያናፋና ቢመጣስ? ይህንን ማሰብ አልቻለም።

አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ አራዊቱ በወንዙ ዳር ተሰማርተው ሳለ ጦጢት እንደገና ጮኸች። አህያው ወንዙን አየ። ረጋ ብሎ ይወርዳል። ድኩላ ከግልገሏ ጋር ዳሩ ላይ ነበረች፤ ቀና ብላ ወደ አህያው ተመለከተች። ቀበሮም ተመለከተው።

«ዛሬም?» አለ ቀበሮ።

አህያው አናፋ። ትንፋሹ እስኪያልቅ አናፋ፣ ተነፈሰና ደገመው።

ማንም አልተነሣም። የሚያዩት ወደ ዋሻው ነበር። አንበሳው ከእንቅልፉ እንደነቃ ጎፈሩ ተንጨባሮ ወጣ። ወንዙን አላየም፤ አላገሣም። የኮረብታውን መንገድ ያዘ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ይህን ጊዜ ጎሽ ተከተለው፤ ነብርም የሚበላውን ትቶ ተነሣ። ድኩላ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ሮጠች። አህያው ከሁሉ ኋላ ሆኖ የሚዘገየውን በግንባሩ እየገፋ ወጣ።

ጅብ ብቻ ነብር የተወውን ጭን አይቶ ተመለሰ። ጭኑን ነክሶ መጎተት ሲጀምር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። የተሰማሩበት ዳር በቅጽበት ጠፋ። ጅብ ጭኑን ጥሎ ሮጠ፤ እስከ ወገቡ ርሶ ኮረብታው ላይ ደረሰ።

«የድርቆሹ ሹም ዘገየህ» አለችው ጦጢት።

«ከታች ያለውን ጉዳይ ስመለከት ነው» አለ እያለከለከ።

ውሃው እስከ ማታ አልጎደለም። ጎሽ ለነብርና ለአንበሳ ቋንጣ አካፈለ፤ ጅብም ድርሻውን ሲቀበል የእሱ ድርቆሽ ለምን እንደማይጣፍጥ ጠየቀ። ሣሩ ሁሉ በደለል ስለተሸፈነ፣ አዲስ ሣር እስኪያቆጠቁጥ ድርቆሹ አስቀድሞ ለሚያጠቡ እናቶች እንዲሰጥ አንበሳ አዘዘ። ቀበሮ ትእዛዙን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠ አደረሰ፤ በዚህ ሥራ የሚወዳደረው አልነበረም።

ድኩላ ወደ አህያው መጣች። ግልገሏንም ከአጠገቡ አስተኛችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንበሳ ተነሣ። «ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን በስሙ ይጥራ» አለ። «መልስ ያላገኘ ይንገረኝ፤ አብረን እንፈልጋለን።»

ድኩላ ጠራች፤ ተመለሰላት። ጎሽ ጠራ፤ ተመለሰለት። ጦጢት፣ ነብር፣ ከርከሮ፣ ሁሉም በየተራ ጠሩ፤ ከየአቅጣጫው ትንንሽ ድምፆች መለሱ።

አህያው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ዳልቻ» ብሎ ጠራ።

ከዚህ የምንማረው፣ አደጋን ያየ ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲጮህ፣ የሰማም ባለፈው በከንቱ ወጣሁ ብሎ እንዳይቀር፣ ትልቁም ትንሹም ገና ውሃው ሳይመጣ መስማማት እንዳለባቸው ነው።