ሁለት ስካነርና አንድ ዝምታ

በአንድ ወቅት፣ ብጣሽ ወረቀት ከሰው እግር በከበደበት ወቅት፣ ደብረ ታቦር ላይ አቶ መኳንንት የሚባሉ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴ ነበሩ። እኔ የሆነውን ልንገራችሁ፤ በፍርዱ እናንተ ተጨቃጨቁ።

አቶ መኳንንት ደረሰኞቻቸውን በሽቦ እየሰኩ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። አንድ ቀን «ያለ ደረሰኝ ነግደዋል» ተብለው ታሰሩ። መርማሪው፣ የአምስት ዓመቱ ደረሰኝ አንድ ሳይጎድል ኮምፒውተር ላይ ተነቦ ካልታየ አይፈቱም አለ። ሰውየው ስኳር አለባቸው፤ ግራ እግራቸውም ቆስሎ ነበር። ልባቸው ግን ከቁስሉ ይብሳል። ሊጠይቋቸው ለመጡ ሦስት ልጆቻቸው በፍርግርጉ በኩል እንዲህ አሏቸው፦

«ያስፈታኝ ልጅ መደብሩን ይወስዳል። የቀሩት ሁለቱ ቤቴን ለቀው ይወጣሉ። በእናታችሁ አጽም ምያለሁ።»

እንግዲህ ስካነር መግዛት ግድ ሆነ። ታናሹ ይርሳው ፎቶ ኮፒ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ጎልማሳ ነው፤ ስለ ስካነር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የትኛው እንደሚሻል ሊናገር ሲል ታላቁ አስናቀ «አንተ ደግሞ፣ የሰው ወረቀት ስታገላብጥ የኖርክ» አለው። እህታቸው ትርንጎ ሳቀች። ይርሳው አፉን ዘጋ።

አስናቀ ችኩል ነው። የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ሳይጠይቃት ሸጦ፣ ወረቀቱን በራሱ እየጎተተ የሚያነበውን ፈጣን ስካነር ገዛ። በአንድ ቀን አራት ሺህ ደረሰኝ አስነበበ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሽቦው ክፉኛ የበሳቸውን ሦስት መቶ ያህሉን ማሽኑ ሳያነብ ቀዳደዳቸው። ብጥስጣሹን በፌስታል ጠቅልሎ ለትርንጎ ወረወረላት።

«የእኔ ድርሻ አልቋል» አለ።

ትርንጎ ታጋሽ ናት። ሐብሏን ሸጣ፣ ወረቀቱ መስታወት ላይ የሚተኛበትን ቀርፋፋ ስካነር ገዛች። ቁራሹን ከቁራሽ እየገጠመች በዘጠኝ ቀን ሦስት መቶውንም አዳነች። ስንቅ የምታመላልሰውም እሷ ስለነበረች የአባቷ እግር መሽተት እንደጀመረ ታውቃለች። የቀሩት ስካነሩ አልለይ ያላቸው፣ ከሽያጭ ማሽን የወጡ፣ የደበዘዙና የተጨማደዱ ስልሳ ደረሰኞች ብቻ ነበሩ። አባቷ የተጨማደደ ብር በካውያ ተኩሰው ባንክ ሲወስዱ እያየች ነው ያደገችው። እሷም ካውያውን አሙቃ ደረሰኞቹን ተኮሰቻቸው። የዚያ ዓይነት ወረቀት የሚታተመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነውና ስልሳውም ከሰል መሰሉ።

ይርሳው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካውያው ሲሞቅ አየ፤ ምን እንደሚመጣም ያውቃል፤ አልተናገረም። ለካ አባቱ በታሰሩ ማግስት፣ እነዚያ ስልሳዎቹ ይበልጥ ሳይደበዝዙ፣ አንድ በአንድ በስልኩ አንስቷቸው ኖሯል። ትርንጎ የጠቆሩትን ታቅፋ ስታለቅስ ዝም አለ። በአሥረኛው ቀን ሐኪሙ እግሩ ይቆረጣል አለ፤ አሁንም ዝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለ? እግሩ ተቆርጦ አባት ወደ እስር ቤት በተመለሱ ዕለት፣ በንጹሕ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ወንድምና እህቱ ዘንድ መጣ።

«መደብሩ የይርሳው ነው ብላችሁ ፈርሙ። ስልሳው እኔ ጋ አለ።»

ምን ያድርጉ፣ ፈረሙ። በማግስቱ አቶ መኳንንት በክራንች ወጡ።

ፊርማው ግን ክርክሩን አልዘጋውም፤ መደብሩ ለማን እንደሚገባ ሊፈርዱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አስናቀ ቀድሞ ተነሣ። «አራት ሺው የእኔ ነው። ስልሳ ፎቶ ብቻውን ማንን ያስፈታል?» አለ።

ትርንጎ ሽማግሌዎቹን ትታ ወደ ይርሳው ዞረች።

«ካውያውን ሳሞቅ እያየኸኝ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። ስካነሩ ሲገዛ ብትጠይቁኝ ኖሮ የሚቀደድም የሚጠቁርም አልነበረም። የአባባም እግር ዛሬ በቦታው ነበር።»

ይህን ሲሰማ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬት መሬት አየ። እውነት ነበራ፤ ክፋቱም እሱ ነው።

አቶ መኳንንት የታጠፈውን የሱሪያቸውን እግር ሲዳብሱ ቆዩና የመደብሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«እግሬን የበላው የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋችሁም» አሉ። «ያስፈታኝ ማነው? መሐላዬ መሐላ ነው። ሁለቱ ዛሬውኑ ይወጣሉ።»

ቁልፉን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡት። ሦስቱም ልጆች ጓዛቸውን ሸክፈው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ማን ጓዙን ይዞ ወደ ቤት እንደሚመለስ አያውቁም። ወገኖቼ፣ ቁልፉ በእናንተ እጅ ቢሆን ለማን ትሰጡታላችሁ? ቸኩሎ ለቀደደው፣ ታግሣ ላቃጠለችው፣ ወይስ እያወቀ ዝም ላለው?