የቻይና ነጠላ

አንዲት አራስ ልጇ አርባ ቀን የሞላው ዕለት ክርስትና ልታስነሳው በማለዳ ደብሩ ደረሰች። ልጁ ጡት አልይዝ ካለ ሳምንቱ ነው፤ ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ እያለች ልቧ አላርፍ ብሏታል።

የደብሩ አለቃ ወልደ ትንሣኤ በር ላይ አስቆሟትና የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

«ይሄ የሸማኔ እጅ የነካው አይደለም። ፋብሪካ ያተመው የቻይና ነጠላ ነው።»

«አዎ አባቴ። ዛሬ ሁሉም የሚለብሰው እሱን ነው።»

«እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሃይማኖት የሚጠፋው። ዛሬ ነጠላው ተለወጠ፣ ነገ ደግሞ እምነቱ ይለወጣል። ሂጂና በሳምንቱ ያገር ልብስ ለብሰሽ ተመለሺ። የባዕድ ነገር ክርስትና ቤት አይገባም።»

በሳምንቱ ልጁ ይኑር አይኑር በምን ታውቃለች? ነገር ሳታበዛ ቁጢጥ አለችና መጠቅለያውን ፈታች። ልጁን እንደ ተወለደ ራቁቱን አንስታ ወደ አለቃው ዘረጋችው።

«እንግዲያው እኔ ደጅ እቀራለሁ አባቴ። የሚጠመቀው እሱ ነው፤ እያገላበጡ ይዩት። የቻይና ነገር ካገኙበት ይመልሱልኝ።»