የገብሱ ገዳይ

ፊታውራሪ ጓንጉል የደጋ ሰው ናቸው። ቆላ አገር ተሹመው ሲወርዱ ጋሻ ጃግሬያቸውን ብቻ ሳይሆን የደጋ ሆዳቸውንም ይዘው ነው የወረዱት። የማሽላ እንጀራ አልወርድ ቢላቸው፣ "ከእንግዲህ ማሽላ የዘራ ወዮለት፤ አገሩ ሁሉ ገብስ ይዝራ" ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሰውም ከሹም ከመከራከር መዝራት ይሻላል ብሎ ዘራ። ገብሱ ግን ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ ቀረ።

ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ፣ "ቆለኛው ተማክሮ ገብሴን ገደለው" ብለው አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ደንብ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሰዉ ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም እንደ አገራቸው ልማድ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው ፊት ለፊት ቆሙ፤ ነገር ግን ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ላብ አጠመቃቸው። በርኖሱን አወለቁና ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ገቡ። ከዚያ አሽከር እያራገበላቸው፣ "ገዳዩን አውጡ፤ አለዚያ እዚሁ ትከርማላችሁ" አሉ።

ይሄኔ አንድ ምላሰኛ ገበሬ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ ገዳዩን እኔ እጠቁማለሁ።"

"ማነው?"

ገበሬው ወደ ፀሐይዋ አመለከተ።

"ያቻትልዎ። እርስዎንም ይኸው በርኖስዎን አስወልቃ ዋርካ ሥር አስገባችዎ። ገብሱም እንደ እርስዎ የደጋ ልጅ ነው፤ ሮጦ ጥላ እንዳይገባ ግን እግር አልነበረውም። እንግዲህ እሷን አስረው እኛን ይልቀቁን።"