ዝም ያለው ሰሌዳ

አንድ የንክኪ ሰሌዳ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ሣህሉ ይባላል። አባቱ ጋሽ ድንቁ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ልጃቸውን ያሳደጉትም ያስተማሩትም በመዶሻና በመሮ ነው።

በከተማው አንድ የአረጋውያን መታከሚያ ቤት ነበር። በየአልጋው ራስጌ ትንሽ የመስታወት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ታማሚው በጣቱ ሲነካው በነርሶቹ ክፍል ደወል ይጮኻል። ይህ ሰሌዳ ግን ክፉ አመል አወጣ። ማንም ሳይነካው ይጮኽ ጀመር። ነርሶቹ እየሮጡ ሲደርሱ ታማሚው ያንኮራፋል።

የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ዙሪያሽ ሣህሉን አስጠራችው።

«ትናንት ደግሞ ባዶ አልጋ ጠራን» አለችው። «ጠበል ልናስረጭ ምንም አልቀረንም። እባክህ ኢንጅነር፣ ዝም አሰኝልን።»

«ጋኔን አይደለም ሲስተር፤ ጄኔሬተራችሁ ነው» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነበር። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ጣትን የሚያውቀው በመጫን አይደለም። ከመስታወቱ ሥር እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ስስ ሽቦዎች አሉ፤ ጣት ሲቀርባቸው በውስጣቸው ያለው ኤሌክትሪክ በጥቂቱ ይለወጣል። ያችን ጥቂት ለውጥ ማንበብ ነው ጥበቡ። ነገር ግን ጄኔሬተሩም፣ የጣሪያው መብራትም፣ የፈሰሰ ውኃም የየራሳቸውን ለውጥ ያመጣሉ። መሐንዲሶች ይህንን ረብሻ ይሉታል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ረጅም ነው፤ ሽቦዎቹን እንደ አዲስ መዘርጋት፣ ረብሻውን የሚመክት መከለያ ከሥራቸው ማንጠፍ፣ እያንዳንዱን ንክኪ ደጋግሞ አንብቦ ማመዛዘን፣ ከዚያም በብዙ ሰው እጅ መፈተን ይጠይቃል። ሁለተኛው አጭር ነው። ወሰኑን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከወሰኑ በላይ የመጣው ንክኪ ተብሎ ይደወልለታል፣ ከወሰኑ በታች የቀረው ረብሻ ተብሎ ይጣላል።

ሣህሉ ሌላ ሥራ ይጠብቀው ነበርና አጭሩን መረጠ። በራሱ ጣት ሞከረው፤ ሠራ። በባልደረቦቹ ጣት ሞከረው፤ ሠራ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለችው አንዲት ባልደረባው። «የእነሱ ጣት ደረቅ ነው እኮ፤ ምልክቱ ይደክማል።»

«ጣት ጣት ነው» አላት።

በመታከሚያው ቤት ጸጥታ ሰፈነ። ሲስተር ዙሪያሽ «እግራችን አረፈ» ብላ መረቀችው። እሱም ምርቃቱን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ሥራው ሄደ።

ዓመት ሳይሞላ ጋሽ ድንቁ ልባቸውን ታመሙና እዚያው ቤት ገቡ። ሣህሉ ትራሱን ካስተካከለላቸው በኋላ ወደ ሰሌዳው እየጠቆመ፣ «አባባ፣ ይሄንን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ። ነርሶቹን ስትፈልጋቸው ንካው፣ ይመጣሉ» አላቸው።

ጋሽ ድንቁ ጣታቸውን ዘርግተው ነኩት። ዝም አለ። ደግመው ነኩት።

«የልጅ ልጄ አላወቀኝም» አሉ ፈገግ ብለው።

«ትለምደዋለህ፣ አባባ» አለ ሣህሉ፣ ስልኩን እያየ። ከዚያ እሱ ራሱ ነካው፤ ደወሉ ጮኸ። «አየህ? ይሠራል።»

«እሱማ ይሠራል» አሉ አባቱ።

አባቱ ቅሬታን ሁለት ጊዜ እንደማይናገሩ ሣህሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር። አንዴ በቀልድ ጠቅልለው ያነሱታል፣ ከዚያ ይተዉታል። ያን ቀን ግን ይህ ትዝ አላለውም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኃይለኛ ዝናብ እየወረደ ሳለ ተደወለለት። ሲደርስ ሲስተር ዙሪያሽ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«አባትህ አልጠሩንም፣ ኢንጅነር» አለችው። «ቢጠሩን እንሮጥ ነበር። ደወሉ አንዴ እንኳ አልጮኸም።»

ሣህሉ ገብቶ ከአባቱ አስከሬን አጠገብ ተቀመጠ። በወዲያኛው አልጋ ሻምበል ይማም የሚባሉ ጡረተኛ ተኝተዋል፤ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ከአባቱ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲቀላለዱ የሚውሉት እሳቸው ነበሩ።

«ጠርቷቸዋል» አሉ ሻምበል ቀስ ብለው። «ደረቱን ይዞ ያንን መስታወት ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይነካል። ‹ድንቁ፣ ልጩኽልህ?› አልኩት። ‹እንዳትጮኽ› አለኝ።»

«ለምን?»



«‹የሣህሉ ሥራ ነው፤ አይሰማም ተብሎ ከተወራ ልጄን ያሙብኛል። መስታወቱስ ሰምቷል፤ ሰዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ነው› አለኝ። እኔም ሞኙ እሺ አልኩት። ኋላ ፊቱ ሲለዋወጥ ጮኽኩ፤ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይስማኝ፣ ልጄ።»

ሣህሉ የአባቱን እጅ አነሳ። የጣቶቹን ጫፍ ዳሰሰ። የስንት ዓመት ድንጋይ አደድሯቸው አሻራቸው ጠፍቷል። በዚህ እጅ ጎርሶ አድጓል፤ ሰሌዳውን ሲፈትን ግን ይህ እጅ አልታሰበውም ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነበር። ሽቦዎቹ የአባቱን ጣት አውቀውታል። እያንዳንዱ ንክኪ ደርሷቸዋል። ደካማ ስለነበረ ግን ረብሻ ተብሎ ተጣለ፤ እንዲጣል ያዘዘው ልጃቸው ነው።

ሰልስት ካለፈ በኋላ ሣህሉ ረጅሙን ሥራ ጀመረ። መከለያውን አነጠፈ፣ ሽቦውን እንደ አዲስ ዘረጋ። ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ የሚንቀጠቀጠውን፣ የደረቀውን፣ ያበጠውን እጅ ሁሉ «አንዴ ይንኩልኝ» እያለ ለመነ። ሻምበል ይማም በጣታቸው ጫፍ ሲነኩት ደወሉ ወዲያው ጮኸ፤ ነርሷም «ምን ልታዘዝ ሻምበል?» እያለች ሮጣ ገባች። ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። ሣህሉ ግን የደወሉን ድምፅ ችሎ መስማት አልቻለም፤ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሁሉ አስቡበት። ቤታችን ጸጥ ያለው ሁሉም ደህና ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ የደካሞቹ ድምፅ እንዳይደርሰን ወሰኑን ከፍ አድርገነው ይሆናል። የሚወዱን ሰዎች ደግሞ ጉድለታችንን ለመሸፈን ሲሉ ብዙ ይታገሣሉ፤ ስማችን እንዳይነካ ሲሉ ሕመማቸውን ይውጡታል። እስኪጮኹ ከጠበቅን አይጮኹም። ስለዚህ አንዴ በቀልድ የተነገረንን እንኳ ቆም ብለን እንስማ።

ዛሬ እናንተን ቀስ ብሎ እየነካ፣ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» እያለ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?