የሻለቃው ሁለተኛ መንገድ

የጠረፍ ጥበቃ አዛዡ ሻለቃ ውብሸት ኮንትሮባንዲስቶችን አሳድዶ ለመያዝ፣ ዛፍ መቁረጥ በተከለከለው ጥብቅ ደን መሐል ሰፊ የመኪና መንገድ አስጠረገ። በዓመቱ ሁለተኛ መንገድ አማረው፤ ይኼኛው ደግሞ የሚያልፈው የመንደሩ ሰው የንብ ቀፎ በሚሰቅልባቸው ዛፎች ላይ ነበር።

ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሻለቃው ስብሰባ ጠራና አንድ ሽማግሌ ቀፎ ሰቃይ አስነሳ።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆነህ ሁሉን ታያለህ። መንገዱን ካስጠረግሁ ወዲህ ጫካ ለጫካ ሲሹለከለክ ያየኸው ኮንትሮባንዲስት አለ? አለ ወይም የለም ብቻ በል።»

«የለም፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ደስ አለው። «ሰማችሁ? አንዱ መንገድ ጫካውን እንዲህ ካጸዳው፣ ሁለት ሲሆን አስቡት» አለና ለሽማግሌው የስምምነቱን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለው። «በል፣ ቀድመህ ፈርም።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«መፈረሙ ገና ነው፣ ጌታዬ። ድሮ በእሾህ ውስጥ ሦስት ቀን ይለፉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ በእርስዎ መንገድ በግማሽ ቀን በመኪና ያልፋሉ። እኔንም ከታች እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሉኛል። እስካሁን መንገዱ ጠበበን ያለኝ የለም።»